«ኔምሊ» ያለው ደብዳቤ

ልብስ ሰፊዋ ለአዲሱ ሆቴል ማመልከቻ ልታስገባ ስትነሳ፣ እንግሊዝኛውን የጻፉላት አጎቷ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ቤተሰቡ «መዝገበ ቃላት» እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። የነገረቻቸው አጭር ነበር፦ «ለሆቴል የሚሆን ማንኛውንም ነገር እሰፋለሁ፤ ለምሳሌ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ።»

በሳምንቱ መልስ መጣ። ሆቴሉ አመስግኖ፣ የሚፈልገው መጋረጃ የሚሰፋ ሰው እንደሆነ፣ እሷ ከዘረዘረቻቸው ሥራዎች ውስጥ ግን መጋረጃ እንደሌለ ገለጸ።

«መጋረጃ የለም?» አለች ሰፊዋ፣ ለአንድ ክሊኒክ የምትሰፋው መጋረጃ ጉልበቷ ላይ እንደተከመረ። ክምሩን ገፋ አድርጋ በቀጥታ አጎቷ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ‹ለምሳሌ› ያልኩዎትን በምን ጻፉት?»

«በ‹ኔምሊ› ነዋ!» አሉ ኮራ ብለው። «‹ሳች አዝ›ን ማንም ይጽፈዋል። ‹ኔምሊ› ግን ክብደት አለው።»

«ክብደቱማ እኔ ላይ ወደቀ። ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው?»

አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገላበጡ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«‹ይኸውም› ማለት ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሦስቱን ቆጥሮ ያበቃል። ‹እንደ እነዚህ ያሉ› ብሎ ለሌላውም ቦታ የሚተወው ‹ሳች አዝ› ነው። ጉድ ሠራሁሽ፣ ልጄ።»

ልትቆጣ የመጣችው ልብስ ሰፊ፣ ሳቋ አመለጣት። «በሉ ይነሱ፣ እናስተካክለው።»

አጎቷ ግን ደንግጠው ስለነበር፣ በ«ሳች አዝ» ጀምረው መጨረሻው ላይ «እና የመሳሰሉት» የሚለውንም በእንግሊዝኛ ጨመሩበት።

«‹እንደ እነዚህ ያሉ› ካሉ በኋላ ‹እና የመሳሰሉት› ደግሞ ምን ሊሠራ?»

«ለመተማመኛ ነው።»

«ጋሼ!»

እያጉረመረሙ ሰረዙት። በማግስቱ ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። የሆቴሉ ግዢ ኃላፊ አንብባ ቀና አለችና፣ «ታዲያ መጋረጃ ትሰፋለች ማለት ነው?» አለቻቸው።

አጎት ሊያብራሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩ። «አዎ፣ ትሰፋለች» አሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሰፊዋ ሆቴሉ ውስጥ መሰላል ላይ ቆማ የስልሳ መስኮቶችን ስፋት ትለካ ነበር። አጎቷ አንሶላ ያልለበሰ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ቁጥሩን ይመዘግባሉ። ኃላፊዋ በበሩ ብቅ ብላ፣ «የአልጋ ልብስስ?» አለች።

አጎት ወደ መሰላሉ ቀና አሉ።

«እሱንም!» አለች ሰፊዋ።