ዘጠኝ ሚስማር የወጣው ሐረግ

ሰፈርተኛው «ቀደዳ» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ የተከልኩት ዱባ የጎረቤትን ዶሮ አቅፎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ ዶሮዋም እዚያው ጫጩት ፈልፍላ ነው የወረደችው። ይሄኛው ግን እውነት ነው፤ ውሸት ቢሆን ደስታዬ ነበር።

ታላቅ እህቴ ከተኛች መንፈቅ አልፏታል። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ የሚያሳያት የዛገ የቆርቆሮ አጥር ብቻ። «ይሄ ዝገት አበባ ለብሶ ሳላየው እንዳልሞት» አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ፣ «ሦስት ወር ካገኘች ትልቅ ነገር ነው» ብሎኛል።

ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ጥፍሩ ውስጥ ያለው አፈር ብቻ አንድ መደብ ቃሪያ የሚያበቅል ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ቶሎ የሚያብብ ሐረግ።»

«ቡገንቪሊያው ዓመት ይፈልጋል። ነጩ መዓዛው ሰፈር ያውዳል፣ ግን ሁለት ዓመት ያስጠብቅሃል። ሰማያዊው በሁለት ወር ተኩል ያብባል። ሥሩ ግን እንደ ፀጉር ነው፤ መነካካት አይወድም።»

«እኔስ መች እወዳለሁ!» ብዬ ሰማያዊውን አነሳሁ።

አጥሩ ሥር ተከልኩት። ተንጠላጥሎ እንዲወጣ ከታች እስከ ጫፍ ዘጠኝ ሚስማር መትቼ ሲባጎ ወጠርኩለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ፕላስቲክ ነው እንዴ?» አለች።

«እትዬ፣ እሱ የሚያድገው ሰው ሳያየው ነው። አንድ ሰውዬ ተክሎት፣ ሲነጋ በመስኮት ገብቶ ሱሪውን ከመስቀያው ወስዶበታል።»

እስኪያስላት ሳቀች። ያን ቀን ሾርባዋን ጨረሰች።

አፌ የቀደደውን እጄ ይስፋው ብዬ፣ በማግስቱ ማለዳ ሳትነቃ ወጣሁና ሐረጉን በጣት ስፋት ሳብ አድርጌ አሰርኩት። በሳልስቱም እንደዚያው። «አንደኛው ሚስማር ደረሰ!» ትላለች፣ ትበላለች። «ሁለተኛው!» ትላለች፣ ትበላለች። ታዲያ እንዴት ልተወው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ሐረጉም እውነትም እያደር ቀለለኝ። ሦስተኛው ሚስማር ላይ ስስበው ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ። እንደ ፀጉር።

መልሼ ቀበርኩት፣ አጠጣሁት፣ ለመንኩት። በአራተኛው ቀን ደረቀ። ሌላ ብተክል ያው ሁለት ወር ተኩል ነው፤ እኛ የቀረን ወር ከምናምን።

«ውሃ ጠምቶት ነው» አልኳት።

«ተው እንጂ! ስትጎትተው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«በአንድ እጅህ የሚወልቅ ሱሪህን ይዘህ፣ በሌላው ቅጠል ስትጎትት… የበላሁት እኮ በሳቅ ነው።» ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። «ሥሩን እየነቀልከው እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አበባውን እፈልገው ነበር።»

እኔ፣ ለዱባ እንኳ ወሬ የማላጣው ሰውዬ፣ የሾርባ ሳህኗን አንስቼ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ነገም ሳበው» አለች።

«ደርቋል እኮ፣ እትዬ።»

«ሚስማሩ እስኪያልቅ ሳበው።»

ሳብኩት። አራተኛው ላይ ሳቀች። አምስተኛው ላይ ፈገግ አለች። ከስድስተኛው ወዲያ ሾርባው እንደቀረበ ይመለስ ጀመር።

ዘጠነኛው ሚስማር ላይ ገለባ የሆነውን ሐረግ አስሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ሱሪዬን ሆን ብዬ ለቀቅኩት፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወረደ። መስታወቱን አንኳኳሁ።

አልዞረችም።