ዛይኛ የሚችል ሰው አለ?

ፀደይ ከድንኳኑ ጀርባ ቆማ የሻይ ብርጭቆ ታደርቅ ነበር። አንዱን አንስታ በፎጣው ውስጥ ታሽከረክረዋለች፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ ትሪው ላይ ትደፋዋለች። እናቷን የቀበረችው ትናንት ነው፤ ዛሬ ከመቀመጥና ከማልቀስ በቀር ሌላ ሥራ ሊኖራት አይገባም ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ሀዋ ከኋላዋ። «ሐዘንተኛ ዕቃ ታጥባለች? ሰው ጎረቤት የላትም ይበልሽ?»

«አላጠብኩም፣ እያደረቅሁ ነው።»

«አሁን ደግሞ እንደ እናትሽ ቃል ልታርሚኝ!» ፎጣውን ነጠቋትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በር ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። ለለቅሶ የመጣች አትመስለኝም። ልመዘገብ ነው የምትለው።»

ልጅቷ ቢጫ ሻሿን ከራሷ ላይ አውልቃ በእጇ ጨብጣለች። ድንኳኑን ካየች በኋላ ያወለቀችው መሆኑ ያስታውቃል።

«ይቅርታ፣ እህቴ፣ አልሰማሁም ነበር። ፀጋ እባላለሁ። ወይዘሮ ብርቅዬ ለዛሬ ቀጥረውኝ ነው። አስተማሪ አገኝልሻለሁ ብለውኝ።»

«የምን አስተማሪ?»

«የዛይኛ።»

ፀደይ ዛይኛ የሚባለው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚነገር ቋንቋ መሆኑን ታውቃለች። የሚናገረውን ሰው ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

«አማቴ ከደሴቱ ናት» አለች ፀጋ፣ ሰው እንዳያቋርጣት የፈራች ይመስል እየተጣደፈች። «አማርኛዋ እንደ እኔና እንደ አንቺ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ከታመመች ወዲህ ግን ጠፋባት። የቀራት የልጅነቷ ብቻ ነው። ባሌ ሮቢ እዚሁ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከናቱ ቋንቋ የሚያውቀው ሲያጠፋ የሚሰደበውን ስድብ ብቻ።» ልትስቅ ፈልጋ ድንኳኑን አየችና ተወችው። «ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ትለኛለች። ውሃ አመጣለሁ፣ አይደለም። ብርድ ልብስ አመጣለሁ፣ አይደለም። መስኮት እከፍታለሁ፣ ሮጬ ገንፎ አሞቃለሁ፣ አይደለም! ትናደድና ታለቅሳለች። እኔም አለቅሳለሁ። ምን እንደምትፈልግ ሳላውቅ ብትሞትብኝስ?»

ፀደይ ምላሷ ላይ የመጣው ‹ቤቱን እንደምታዪው ነው፣ ሌላ ቀን› የሚል ነበር። ሳትለው ቀረች።

«ግቢ» አለቻት።

እናቷ ወይዘሮ ብርቅዬ በግቢው ውስጥ ባሉት ሦስት ክፍሎች ቋንቋ ስታስተምርና አስተማሪ ስትቀጥር ኖራለች። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ ይልና ከታች ‹ሌላም ቋንቋ፣ አንድ ተማሪ ከተገኘ› ይላል። ለእንግሊዝኛው ሰው ይሰለፋል። ቻይንኛው ክፍሉን ሞልቶ በረንዳ ላይ ወንበር ያስወጣል። የመጨረሻው መስመር ግን በዓመት አንድ ሁለት ሰው ነው የሚያመጣው፤ ከምባትኛ የፈለገች ነርስ፣ ኮሬትኛ የፈለገ ሙሽራ። ለእነሱ ደግሞ ወይዘሮ ብርቅዬ የምትሰጠው ብርሃን ያለውን ሰፊውን ክፍል ነበር።

«እማ፣ ለአንድ ሰው ክፍል ይያዛል?» ይላት ነበር ኤልናታን፣ የፀደይ ታላቅ ወንድም።

«ለአንድ ሰው ምሳ አይበስልም?» ትለዋለች።

አስተማሪዎቹን ከየት እንደምታመጣቸው ፀደይ ያወቀችው አድጋ ነው። የሰፈሩ ሰው ብርቅዬን የሚያደንቃት ከለቅሶ ባለመቅረቷ ነበር። የማታውቀው ሰው ቢሞት እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከከተማው ዳር ቡሹሎ ቀብር ላይ ፀደይ አብራት ሄደች። እናቷ ከሐዘንተኞቹ ጋር ጥቂት አልቅሳ ዓይኗን ጠራረገችና ከሩቅ ወደ መጡት ጠጋ ማለት ጀመረች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አገራችሁ ወዴት ነው? ቋንቋውን ትናገሩታላችሁ?» ለዚያች ነርስ የከምባትኛ አስተማሪ ያገኘችው እዚያ ነው። ሰውየው አፈር ሲመልስ የያዘውን አካፋ ገና አላስቀመጠም፤ ለቅዳሜ ቀጠረችው።

«እማ፣ አታፍሪም?» አለቻት ፀደይ በመንገድ ላይ።

«ሰው ከየአገሩ ተጠራርቶ አንድ ቦታ የሚቀመጠው ለለቅሶ ብቻ ነው» አለች እናቷ። «ገበያ ላይ ይቸኩላል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። እዚህ ግን ተቀምጦ ያወራል።»

ፀደይ ቀና ብላ ድንኳኑን አየችው። ከዲላ የመጡ አሉ፣ ከዱራሜ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከይርጋለም። የዩኒቨርሲቲው አስተማሪዎች በአንድ በኩል፣ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች የመጡት የእንግሊዝኛ ተማሪዎች በሌላው በኩል ተቀምጠዋል። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትዞርላቸው የኖረችው ሰዎች ዛሬ ራሳቸው መጥተውላታል። የፀደይ ልብ መምታት ጀመረ፤ የደስታ ይመስል ነበርና አፈረችበት፣ ግን አልቆመላትም።

ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመረች። ጎንበስ እያለች የፀጋንና የአማቷን ነገር በጆሮ እየነገረች ጠየቀች። ሰዎቹ ልታለቅስባቸው የመጣች መስሏቸው ለማቀፍ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ጥያቄውን ሲሰሙ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል።

ኤልናታን ክንዷን ያዛት። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«አስተማሪ እየፈለግሁ።»

«ዛሬ?»

«የቀጠረቻት ለዛሬ ነው።»

ፓስተሩ ጸሎቱን ጨርሰው፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምስጋና እንዲያቀርብ ጠየቁ። ኤልናታን ኮቱን አስተካክሎ ሊነሳ ሲል ፀደይ ቀደመችው። በሕይወቷ በሰው ፊት ሳትዘጋጅ ተናግራ አታውቅም።

«ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። «እዚህ ውስጥ ዛይኛ የሚችል ሰው አለ?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

«ምን አለች?»

«ዛይኛ! የዝዋዩ!»

«የአክስቴ ልጅ ዝዋይ መምህር ነው፣ ቆይ ልደውል!»

«ዝዋይ የኖረ ሁሉ ዛይኛ ይችላል እንዴ? አንተ ሐዋሳ ሃያ ዓመት ኖረህ ሲዳምኛ ትችላለህ?»

«እሰማዋለሁ እኮ…»

«መስማት ማንም ይሰማል!»

ስልኮች ወጡ። አንዱ ሾፌር እየጠራ፣ አንዷ የቀድሞ አከራይዋን እየጠየቀች፣ ከኋላ ያሉት እየቆሙ። እትዬ ሀዋ የሻይ ትሪ እንደያዙ መሐል ላይ ቀሩ።

«ሥርዓት!» የሚል ድምፅ ሁሉንም ቀጥ አደረገ። አቶ ተመስገን ነበሩ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ወንበር ካልተስተካከለ የማይቀመጡ ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ። «ለቅሶ ቤት ነው! ስልካችሁን አስቀምጡ። ልጅቷ የት አለች?»

ፀጋን ሊያስወጧት መስሏት ፀደይ ከፊታቸው ቆመች። አቶ ተመስገን አልፈዋት ሄዱ።

«አማትሽ ጠዋት ጠዋት የምትልሽን በይው እስቲ። እንደሰማሽው።»

ፀጋ ጉሮሮዋን ጠረገችና አለችው። ስንት ጠዋት የሰማችው ነገር ስለሆነ ከዜማው ጋር ነበር የወጣው። አቶ ተመስገን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«‹አትሩጪ› ነው የምትልሽ» አሉ። ድምፃቸው የሊቀመንበር ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «‹ልጄ፣ አትሩጪ። እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ።›»

ፀጋ አፏን በሻሿ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ራሷም የምታውቅ አይመስልም። እትዬ ሀዋ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው በነጠላቸው ጫፍ ከደኑት።

«ጋሼ ተመስገን!» አለች ፀደይ። «አገሬ መቂ በኩል ነው ይሉ አልነበር?»

«በኩል ነዋ! ሐይቁ ከመቂ ምን ያህል ይርቃል? እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቋንቋ የጠራኝ ሰው የለም። ልጆቼን ላስተምር ብል ‹ምን ያደርግልናል› አሉኝ። ተውኩት።» ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ወዲያው ደግሞ አወለቁት። «እናትሽ አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ!»

እናቷ ከሩቅ የመጡትን ስታሳድድ ጎረቤቷን ሳትጠይቅ መኖሯ ፀደይን አንገበገባት፤ ነግራት ብትስቅ እንዴት በወደደች።

«ቅዳሜ ይመቸዎታል?»

«ሴትየዋ እያወራች ቅዳሜን ልጠብቅ? ዛሬ! ለለቅሶ የመጣው ሰው ሲሸኝ ቤቷ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ይቺ ልጅ ‹እሺ፣ ተቀምጫለሁ› ማለት ትማር። ክፍል አለሽ?»

ኤልናታን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለፀደይ ሰጣት።

ሰፊውን ክፍል ከፍታ ብቻዋን ገባች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የመጨረሻው የእንግሊዝኛ ትምህርት እናቷ እንደጻፈችው አለ። ወይዘሮ ብርቅዬ አጭር ነበረች፤ መስመሮቹ ክንዷ እየዛለ ሲሄድ ዘቅዘቅ ይላሉ። ፀደይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ዳስተሩን አንስታ ከታች ጀምራ ማጥፋት ያዘች። ከላይ ያለው መስመር ጋ ስትደርስ እጇን ብዙም መዘርጋት አላስፈለጋትም። እናቷ ይህን የጻፈችው በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ እንደነበር አሁን ገባት። ትንሽ ቆየችና እሱንም አጠፋችው። ዳስተሩን መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለቴ መትታ አቧራውን አራገፈችና ቦታው ላይ አስቀመጠችው።