ስንዝር የማይሞላ ቤት

ዲኮሬ ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ማሊ ውስጥ፣ ጄኔ ከተማ፣ አባቷ መጻሕፍቱን ከደረደረበት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም፣ አባቷና የቤታቸው ግንበኛ ሲጨዋወቱ ሰማች።

«ይሄ ግድግዳ የወደቀ ቀን፣ መጻሕፍቴን ማን ደግፎ ያቆማቸዋል?»

«እኔ አለሁ። በዚህ ቦርጭ ምን ያቅተኛል?»

ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አታስታውሰውም።

አርባ ዓመት አለፈ። ባለፈው ክረምት ያ የጭቃ ግድግዳ ወደቀ፤ ቤቱም አብሮት ፈረሰ። መጻሕፍቱ፣ አላህ ይመስገን፣ አንድም ሳይረጥብባቸው ወጥተው ወንድሟ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ፤ ግን ደጋፊ የላቸውምና ይንሸራተታሉ። ዲኮሬ የፈረሰውን ቤት መልክ የያዙ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ግራና ቀኝ ቢያቅፏቸው ብላ ተመኘች። ገበያ ውስጥ ከእንጨት ትንንሽ ቤት ለሚቀርጽ ሰው ነግራ አሠራች። አማሩ፤ ግን ቀላል ነበሩና መጻሕፍቱ ገፍተው ጣሏቸው።

የባሰው ሌላ ነው። ጄኔ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ግንበኛ አለው፤ አባት ሲያልፍ ልጅ ይተካል፣ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። የእነ ዲኮሬ ግንበኛ ልጅና ተተኪ ባሞይ ወሬውን ሰምቶ ተቀየማት።

ዲኮሬ በአገሩ ልማድ ለእርቅ የሚቀርበውን ኮላ ፍሬ ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ጭቃ ሲረግጥ አገኘችው።

«ምነው፣ የገበያው ግንበኛሽ ታመመ እንዴ?»

«ወንድምዓለም፣ ስንዝር የማትሞላ ነገር እኮ ናት። ቤት ናት ብዬ መች አሰብኩ?»

«በር አላት?»

«አላት።»

«መስኮትስ?»

«አላት።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው፣ ዶሮ?»

ዲኮሬ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ኮላውን ፊቱ አስቀምጣ ያን በልጅነቷ የሰማችውን ነገረችው። ባሞይ እግሩን ጭቃው ውስጥ እንደተከለ ቆመ።

«ስለ ቦርጩ ተናገረ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አባቴ ነው። ያንቺስ አባት ምን መለሰ?»

«እንጃ፣ ረሳሁት። ግን እስኪሞት ድረስ ለአባትህ ዱዓ ሳያደርግ ከስግደት ተነስቶ አያውቅም። እሱን እኔ ምስክር ነኝ።»

ባሞይ እጁን ታጠበ። አንድ ኮላ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት። ዲኮሬ ምሬቱን እያኘከች በልቧ ጌታዋን አመሰገነች።

«የወደቀውን ግድግዳ አፈር ላኪልኝ» አለ። «ከሩዝ ገለባ ጋር አቦክቼ እሠራቸዋለሁ። ከባድ ይሆናሉ፣ የትም አይሄዱም። የገበያውንም እንዳትጥያቸው፣ ሰውዬው ደክሞባቸዋል። ደግሞ እንደ ትልቅ ቤት በየዓመቱ ይለሰናሉ።»

«መደርደሪያ ላይ ሆነው? ዝናብ የት ያገኛቸዋል?»

«ዝናብ ባያያቸው እኔ ልያቸው እንጂ።»

ዲኮሬም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ሁለቱን የጭቃ ቤቶች በጨርቅ ጠቅልላ ልታመጣለት ተስማማች።