መብራት ሳይሄድ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ከራሴ የጨመርኩ እንደሆነ የነገሌ አቧራ ሁለቱንም ዓይኔን ይድፈነው። ኮምፒዩተር ሰው ይቀብራል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸኛው ቀብሮ ነበር። ጉያቱ ቆፍራ ባታወጣው ኖሮ ሰውየው እስከ ዛሬ እዚያው በሆነ።

"ተቀመጪ እንጂ!" አለቻት ፎዚያ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ። "ሰው እያየሽ ነው።"

"ይዩኝ።"

ጉያቱ ዛሬም ከለቅሶው ፍራሽ ላይ ተነስታለች። ባሏ ጥሩሰው ከተቀበረ ጀምሮ መቀመጫ እሾህ ሆኖባታል። ከድንኳኑ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ድንኳን። ቁም ሳጥኑን ፈትሻለች፣ ፍራሽ ገልብጣለች፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ሽፋን ሳይቀር አራግፋለች። የምትፈልገው የባሏን ፎቶ ነው።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ጥሩሰው መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ቤት ነበረው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። በነገሌ ፊቱን ለጥሩሰው ያልሰጠ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። እሱን ግን ማን ያንሳው? በሰርጋቸው ዕለት ካሜራውን በራሱ ጊዜ እንዲያነሳ አዘጋጅቶት ወደ ሙሽራዋ ሮጠ፤ ሳይደርስ ካሜራው ቀደመው። ስለዚህ በሰርግ ፎቷቸው ላይ ጉያቱ ከአንድ ጀርባ ጋር ተጋብታለች። የመታወቂያው ፎቶ ደግሞ ማኅተሙ ልክ አፍንጫው ላይ አርፎበታል። ተማሪዎች ሊያነሳ ወደ ፊልቱ ሲሄድ ሞተር ብስክሌቱ ተገልብጦ ሲሞት፣ ስልኩም ካሜራውም አብረውት ደቀቁ።

እናቱ እማማ ዕፀገነት ቡሌ ሆራ ታመው ተኝተው ስለነበር መርዶው የተነገራቸው ከቀብሩ በኋላ ነው። በስልክ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ነገ እመጣለሁ። አስከሬኑን እንደሆነ ከልክላችሁኛል። ፎቶውን አውጥታችሁ ጠብቁኝ፤ ፊቱን ሳላይ እንባዬ አይወጣም።"

"ለፎቶ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?" አሉ መቶ አለቃ ለገሰ፣ የጦር ካምፑ ጡረተኛ፣ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። "ሠራዊት ውስጥ እያለን አንድ ጓዳችን ሞቶ ፎቶው ቢጠፋ፣ በሌላ ሰው ፎቶ ሳምንት ሙሉ ተለቀሰለት። በኋላ ባለፎቶው ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ግማሹ ሰው ሮጠ!"

ካርታ ተጫዋቾቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

"አንቱ ደግሞ፣ መቶ አለቃ!" አለች ጉያቱ። ከዚያ ቆም አለች። "ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይኖራል።"

ከሴቶቹ በኩል ሹክሹክታ ተነሳ።

"ባል ሞቶ፣ ኮምፒዩተር?"

"ምን ደብቆባት ይሆን?"

ጉያቱ ሰማች። ሰምታም ፎዚያን እየጎተተች ወጣች።

ፎዚያ ከጥሩሰው ኮምፒዩተር ቤት ጎን ስልክ ጠጋኝ ናት። የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ለነገሩ እየጮኸ ስለሚጽፈው መናኸሪያው በሙሉ ያውቀዋል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ጉያቱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ በጥቃቅን ምስሎች ተሞልቷል፤ የገበያ ቀን ፍየል እንኳ እንደዚያ አይጠጋጋም።

"ስክሪንሾት ነው ሁሉም" አለች ፎዚያ።

ጉያቱ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ጉዮ የሚባሉ የዱብሉቅ ሽማግሌ ረጅም አቤቱታ ሊያስጽፉ መጥተው፣ ረፋዱን ሙሉ ተናግረው ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ፤ ሁሉም ጠፋ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ችግሩ፣ በሁለተኛው ላይ ተወሰዱብኝ ያሏቸው ላሞች ከመጀመሪያው በዝተው መገኘታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ጥሩሰው አንድ ገጽ በጻፈ ቁጥር "መብራት ሳይሄድ!" ይልና ከላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫናታል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ፎቶ ሆኖ ዴስክቶፑ ላይ ይቀመጣል።

"ሴቭ የሚባል ነገር የለም እንዴ?" ብላ ስቃበት ነበር።

"ሴቭ ይከዳል፤ ፎቶ አይከዳም። ለበዓል አጸዳዋለሁ ደግሞ።"

የትኛው በዓል እንደሆነ ግን ሳይነግራት ሞተ።

ፎዚያ ፎልደሮቹን ትከፍት ጀመር። "የማይጠፋ" የሚል አለ። "የማይጠፋ አዲሱ" የሚል አለ። "የእውነት የማይጠፋ" የሚልም አለ። ውስጣቸው የሰው ማመልከቻና የሰው ጉርድ ፎቶ ነው። ጉያቱ አንዴ ከወንበሩ ጀርባ፣ አንዴ በሩ ላይ፣ አንዴ መልሳ ስክሪኑ ላይ።

የፎዚያ እጅ ድንገት ቆመ። ፎልደሩ "ጉያቱ እንዳታይ" ይላል።

"ልለፈው?"

የሴቶቹ ሹክሹክታ ጉያቱ ጆሮ ውስጥ ተመልሶ ገባ። "ክፈቺው።"

ተከፈተ። ቀይና ጥቁር የመጫወቻ ካርታ፤ ከላይ እስከ ታች ካርታ ብቻ። ሥራ በዛብኝ እያለ ያመሸባቸው ቀናት ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩን በካርታ ያሸነፈባቸው ናቸው። አንዱንም ድል ሳያነሳ አላለፈም።

"ያ ዋቃ! አምላኬ!" አለች ጉያቱ። "ወጡ ደርቆ እስኪያር የምጠብቀው ለዚህ ነው?" ሳቋ አመለጣት። ሲያመልጣት ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል በእጇ አፏን ያዘች።

ፎዚያ የቀረውን ሁሉ አየች። "የለም እህቴ።"

"ሂንጂሩ" አለች ጉያቱም ለራሷ፤ የለም። እማማ ዕፀገነት ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ። በባዶ ፍሬም ልትቀበላቸው ነው? በድንገት ማውሱን፣ ያቺን የኮምፒዩተር አይጥ፣ ከፎዚያ እጅ ነጠቀች። "ተነሺልኝ። ይኼን ጉድ እኔ ላጽዳው።"

"አታጥፊ ብቻ!"

"አላጠፋም። አንድ ቦታ ልሰብስበው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ።"

አይጥ ይዛ አታውቅም። ቀስቱ እያመለጣት ወዲያ ወዲህ ተቅበዘበዘ።

"ከብት ጠብቀሽ የለ?" አለች ፎዚያ። "ተጭነሽ ጎትቺ፤ ዙሪያቸውን ክበቢያቸው። አዎ! አሁን ወደ በረቱ ንጂያቸው።"

ጉያቱ ከታች ጥግ ጀምራ አንድ መንጋ ከበበች፤ እየጎተተች አዲስ ፎልደር ውስጥ አስገባችው። ቦታው ሲለቀቅ ከኋላው አንድ ነገር ብቅ አለ። ጉልበት ነው፤ ውኃ ያራሰው ሱሪ። ሌላ መንጋ ነዳች። ትከሻ። እንደገና ነዳች። ጆሮ።

"የማን ጆሮ ነው?" አለች ፎዚያ።

ጉያቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ጆሮውን አውቃዋለች።

ፎቶው የተነሳው ዱብሉቅ ነው። ወደ ቤተሰቦቿ ኤላ፣ ከብት ወደሚጠጣበት የውኃ ጉድጓድ፣ ወስዳው፣ እሱ የወታደር ልጅ፣ ካምፕ ያደገ፣ ከጥልቁ ጉድጓድ ውኃ ከሚያቀባብሉት ወንዶች መሐል ገብቶ፣ የማያውቀውን ዘፈን አፉን እየከፈተ አብሮ ሲል፣ የተቀበለውን ባልዲ በራሱ አናት ላይ ደፋው። ዘፈኑ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ላሞቹ ሳይቀሩ ስቀዋል የሚሉ አሉ። እሷ መሬት ላይ የነበረውን ካሜራውን አንስታ ተጫነችው። "ይኼን ዴስክቶፔ ላይ አደርገዋለሁ፤ በየቀኑ አየዋለሁ" አላት። አደረገው። ከዚያ በስክሪንሾት ቀበረው።

የመጨረሻው መንጋ ሲነሳ ጥሩሰው ስክሪኑን ሞልቶ፣ ውኃ ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ ወጣ።

"ዋናው ፋይል የት እንዳለ ግን አላገኘሁትም" አለች ፎዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በምን እናትመዋለን?"

ጉያቱ ቁልፏን ከሩቅ ታውቃታለች። ጣቷን ላከች።

"መብራት ሳይሄድ" አለች፤ ተጫነችው።

በማግስቱ እማማ ዕፀገነት በሰው ተደግፈው ድንኳኑ ገቡ። ፎቶውን ያዩ ሴቶች "ለቅሶ ላይ እንዲህ የሚስቅ ፎቶ ይወጣል?" ይባባሉ ነበር። እናት ግን ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጉንጩን ያደርቁለት ጀመር።

"ማነው ልጄን እንዲህ ያበሰበሰው?" አሉ።

"እኔ ነበርኩ፣ እማማ" አለች ጉያቱ። "ውኃ ያወጣ የነበረው ለእኛ ቤት ከብት ነው።"

አሮጊቷ ያን ጊዜ ጮኸው አለቀሱ። ጉያቱም ከአጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ አልተነሳችም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ጉያቱ ብቻዋን ሱቁን ከፈተች። ኮምፒዩተሩን አበራች። ባዶው ስክሪን ላይ ሰውየው ይስቃል። ጣቷን ቁልፏ ላይ አድርጋ አንዴ ተጫነች። ወዲያው መብራት ሄደ፤ እሷም በሩን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እንግዲህ አቧራው ዓይኔን ሳይደፍነው ልናገር፦ መብራቱን በወሬዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ነገሌ ላይ መብራት ውሎ አደረ። ሴትዮዋም አንዴ ብቻ አልተጫነችም። ፎዚያ ገብታ እጇን ስትይዛት፣ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ በሚስቁ ትንንሽ ጥሩሰዎች ተሞልቶ፣ ትልቁ ከሥራቸው አይታይም ነበር።