አስር አለቃ በጉባኤው ፊት

ሰፈሩ ሁሉ «አስር አለቃ» ይላታል። ከሠራዊት ከተሰናበተች ዓመታት ቢያልፉም ማዕረጉ ከላይዋ አልወረደም። ጦር ሜዳ ላይ ደም ያቆመች፣ ድንኳን ውስጥ በባትሪ ብርሃን ጥይት ያወጣች ሴት ናት። በሕክምና ሙያዋ ልቀጠር ብትል ግን የጤና ቢሮው ሰዎች «የሠራዊት ሥልጠና እኛ ዘንድ አይቆጠርም» ብለው መለሷት። አሁን ሆስፒታል ውስጥ የሕመምተኛ አልጋ ትገፋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ ወንድሟ ሳሎኑ ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ ያጫውታል። እሱ ይተርካል፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው በአፋቸው ይጫወታሉ፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ እንደሆነ የሚጣለው ባለቁጥር ዳይስ ይወስነዋል። ታሪኩ ከዋክብት መካከል ነው፤ ጦርነት አብቅቶ የተሰናበቱ ወታደሮች በአሮጌ የሰማይ መርከብ ጭነት ያመላልሳሉ። አስር አለቃ የመርከቧ ሐኪም ናት። በሳምንት አንዴ «ዶክተር» ተብላ ትጠራለች። ለማንም ባትናገረውም ቅዳሜን የምትናፍቀው ለዚህ ነበር።

የዚያን ቀን መርከቧ አንድ ትልቅ የጠፈር ጣቢያ ላይ አረፈች።

«እዚህ ክሊኒክ እከፍታለሁ» አለች።

ወንድሟ የጨዋታውን መጽሐፍ ገለጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እዚህ ጣቢያ ላይ በሠራዊት የተማረ ሐኪም ሲቪል ለማከም ጉባኤ ፊት ቀርቦ መፈተን አለበት። ደንቡ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለ ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ኤሌክትሪሻኑ ቀጮ። «ሰማይ ቤትም ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። «ዝለለው፤ ጨዋታ አይደል?»

«አይዘለልም» አለ ሌላው ተጫዋች፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሲናገር ሁሉም ዞረው አዩት።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?»

«ሚስቴን ያከማት ከሠራዊት የወጣ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁስል ሲሰፋ እጁ አይንቀጠቀጥም። እሷ ግን እርጉዝ ነበረች። ራሴን አመመኝ፣ ፊቴ አበጠ ብትለው፣ 'ዕረፍት አድርጊ' ብሎ ሰደዳት። ሁለቱንም ቀበርኩ።» ዳይሱን በጣቱ አገላበጠ። «የማያውቀውን አለማወቁን አላወቀም። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ቀጮ አንገቱን ደፋ። ወንድሟ መጽሐፉን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዘችው።

«አቅርበኝ።»

ወንድሟ ድምፁን አጎርንኖ ሰብሳቢ ሆነ። እግሩ ማሽን ውስጥ የገባ የማዕድን ሠራተኛ አመጣላት። የት እንደምታስር፣ ምን እንደምትቆርጥ ሳታመነታ ነገረችው። ዳይሱም አማረላት፤ ቀጮ አጨበጨበ። ቀጣዩን ፋርማሲስቱ ጠየቀ።

«አሮጊት ናቸው። ድካም ድካም ይላቸዋል፤ ውሃ አይጠግቡም፤ ሽንት ያመላልሳቸዋል። እግራቸው ላይ ያለች ትንሽ ቁስል አልድን አለች።»

«አጥቤ አሽገዋለሁ።»

«ካልዳነስ?»

«እንደገና አጥባለሁ…»

የራሷን ድምፅ ሰማች። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ ተኝተዋል። የአውራ ጣታቸውን ቁስል ስታጥብ፣ ስታሽግ፣ ስታጥብ ነው የከረመችው። ማሰሮ ውሃ ከራስጌያቸው አይጠፋም። ጎረቤት «ሐኪም ቤት ይሂዱ» ሲላቸው፣ «ሐኪሜ እቤቴ ናት» እያሉ ይኩራሩባታል። ድንኳኗ ውስጥ አሮጊት ተኝታ አታውቅም፤ ቁስለኞቿ ሁሉ ለጋ ወጣቶች ነበሩ። ስኳር በሽታ የሚለውን ቃል በየኮሪደሩ ስትሰማው ትውላለች፤ ከእናቷ ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘችውም።

ተነሣች።

«ዳይስ አልጣልሽም እኮ» አለ ወንድሟ።

«ወድቄያለሁ።»

ጓዳ ገብታ ፋሻውን ፈታችው። ጠዋት የበለዘ መስሏት ያለፈችው ጥቁረት ጣቱን አልፎ ወጥቷል።

«እማዬ፣ ተነሺ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«አንቺ እያለሽልኝ?»

«እኔ ይሄን አላውቀውም፣ እማዬ።»

አባባሏ ሳያስፈራቸው አልቀረም፤ ሳይከራከሩ ነጠላቸውን አነሡ።

የምትሠራበት ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ተረኛዋ ሐኪም ቁስሉን አይታ፣ «እስካሁን ማን ነበር የሚያክማቸው?» አለች።

«እኔ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ስኳር በሽታ ነበር፤ ሌሊቱን እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

በማግስቱ ማለዳ ፋርማሲስቱ ሊጠይቃቸው መጣ። እናቷ ገና ከማደንዘዣው አልነቁም፤ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እናትሽን አስቤ አይደለም የጠየቅኩሽ» አላት።

«አውቃለሁ። የጤና ቢሮው ያን ጊዜ 'ትምህርቱን ከሥር ጀምሪ' ብሎኝ ነበር። ተናቅኩ ብዬ በሩን አላትሜ ወጣሁ። ያ ሁሉ ሰው እጄ ላይ ድኖ፣ ከልጆች ጋር ደብተር ይዤ ልቀመጥ?»

«አሁንስ?»

ከክፍሉ ውስጥ እናቷ ሲያቃስቱ ተሰማ፤ ነርሷ ገብታ በሩን ዘጋችው። አስር አለቃ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

«ስለ ስኳር ንገረኝ» አለችው። «ሲጀምር ምን እንደሚመስል። ምንም እንደማያውቅ ሰው ቁጠረኝ።»

ቀስ ብሎ ይነግራት ጀመር።