የሸውቂ የቀዶ ጥገና ወረቀት

ተማሪዎቿ አብላ የሚሏት አስተማሪ ኢንሺራህ የወንድሟን የቀዶ ጥገና ወረቀት ያገኘችው ሸውቂ በተቀበረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሽማግሌው ዐም ፈርጋሊ፣ ቅጂውን በመስኮቱ አቀበላት።

"ለሁሉም እሰጣለሁ፤ የሚያነበው የለማ" አላት። "አንቺ ግን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ አሉ። እንግዲህ አላየሽኝም።"

"ማን ሰጠሽ ካሉኝ፣ ተሰጠኝ ነው የምለው።"

ሽማግሌው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ሆዱ ተከፈተ። የሐሞት ከረጢቱ ተገኘ። ቱቦው ታስሮ ተቆረጠ። በዋናው ቱቦ ላይ ጉዳት ታየ። ጉዳቱ ተሰፋ። ሆዱ ተዘጋ። ከላይ እስከ ታች አንድም ሰው የለበትም። ሸውቂ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተኝቶ፣ ቢላዋው በራሱ ተነሥቶ የገባበት ይመስላል።

እንግሊዝኛው እንከን የለውም። በከፍር ሻሂን ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረችው ይህንኑ ነበር። ተደራጊውን ወደ ፊት አምጡ፤ "መሆን" የሚለውን ግስ ከጊዜው ጋር አስማሙ፤ ዋናውን ግስ ሦስተኛ መልኩን ስጡት፤ አድራጊው ካላስፈለገ ጣሉት። "በአንድ ሰው" ብሎ የጨመረ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበት ነበር። ከገጹ ግርጌ የጸሐፊውን ፊርማ አየች፤ ዶክተር ሙዕተዝ። ያንን ወደ ግራ ያዘነበለ ጽሕፈት ስንት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ አርማዋለች።

ለዐቃቤ ሕጉ ያዘጋጀችው ክስ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት የቢሮው ጸሐፊ መልሶባታል። "ሆስፒታል አይታሰርም እመቤት፤ የሰው ስም አምጪ" ነበር ያላት።

ሙዕተዝን ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የፉል ሳንድዊች ሲበላ አገኘችው። ሲያያት ሳንድዊቹን ወደ ጀርባው ደበቀ።

"አብላ... አላህ ያጽናዎት። ቀብሩ ላይ መምጣት ነበረብኝ።"

"ብላ፣ ቁጭ በል። ወረቀቱን አንተ ነህ የጻፍከው?"

"ሁልጊዜ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው እያሉ ይጭኑብኛል።"

"ጥሩ ነው። ቱቦውን ማን ቆረጠው?"

ወደ ኮሪደሩ አየ። "እንዲህ ነው የሚጻፈው አብላ። በየትም አገር እንዲህ ነው።"

"አጻጻፉን መች ጠየቅኩህ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ቀዶ ጥገናውን የሚመሩት ፕሮፌሰር የሸውቂን ሆድ ከፍተው ሳሉ ስልክ ተደወለላቸው፤ የግል ክሊኒካቸው ውስጥ ሰው ይጠብቃቸው ነበር። "ቀላል ነው፣ ጨርሰው" ብለውት ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ።

"ለብቻዬ ሠርቼው አላውቅም ነበር" አለ። "ትክክለኛው ቱቦ መስሎኝ ነው።"

"አልችልም አትልም?"

"ለእሳቸው ማን አልችልም ይላል?"

አጠገቡ ተቀምጣ ክሱን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። "የሁለታችሁንም ስም እጽፋለሁ።"

"እሳቸው እስከ መጨረሻው ነበርኩ ብለው ፈርመዋል። ነርሶቹም ነበሩ ይላሉ፤ ጥለው መውጣታቸውን የሚመሰክር የለም፣ የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። እሳቸው ይወጣሉ፣ እኔ እቀራለሁ። ይህን ያውቃሉ፣ አብላ።"

ታውቃለች። ልጁ የሚናገረው እውነት እንደሆነ፣ የእስር ቤት በር የሚዘጋበትም እሱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሸውቂ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ "ላከመኝ ሐኪም በስቡሳ ግዢለት" ብሏት ነበር። አንድ ትሪ ሙሉ ጣፋጭ ገዝታ መጣች። ለማን እንደምትሰጥ የሚነግራት ጠፍቶ ነርሶቹ ተካፍለው በሉት።

በመጀመሪያ የፕሮፌሰሩን ሙሉ ስም ከደረጃው ፊት ለፊት በራቸው ላይ ካለው ሰሌዳ አይታ ጻፈች። ከሥሩ "ሙዕተዝ ራድዋን" ብላ ጽፋ ቆመች። ዐቃቤ ሕግ ሦስት ስም ካልተሞላ አይቀበልም።

"የአያትህን ስም ንገረኝ።"

ከላይ አንዲት ነርስ "ዶክተር ሙዕተዝ" ብላ ተጣራች። እጁ ላይ የቀረውን ሳንድዊች በወረቀቱ ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

"ደሱቂ" አለ።

ጻፈችው።