የምድር ቤቱ ስልክ

እኔን ጉንቮርን አንድ ቀን ስልክ ያሸንፈኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እዚህ ኖርዌይ፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ምድር ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብስያለሁ።

አለቃችን ኦስሂል ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን አንዳንዴ መላ የለውም። የሥራውን መተግበሪያ በየስልካችን ስታስጭን፣ «እኛ ቤት ትልቅና ትንሽ የለም፤ ነርስም፣ ጽዳትም፣ ወጥ ቤትም የሚያየው አንድ ነው» አለች። አጨበጨብን። እኩልነት ከተባለ ማን ያጉረመርማል? ከዚያ ወዲያ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ጀመር፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ እገሌ ፈረቃ መቀየር ይፈልጋል፣ ዳይፐር አልቋል። እጄ ዓሣ ነክቶ ስንቴ ልታጠብ? ድምፁን አጠፋሁና ከዱቄቱ ጀርባ ወሸቅኩት።

አንድ ሐሙስ ለቶርላይቭ እንደ ወትሮው ሙሉ ዓሣ ላክሁ። ቶርላይቭ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን በዓሣ ማስገር የጨረሰ። መዋጥ ስላቃተው የተፈጨ ብቻ እንዲሰጠው ነርሷ ማሪት በዋዜማው ጽፋ ኖሯል። መልእክቷ ከዳይፐሩና ከሊፍቱ ሥር ተቀብሯል። ምሳውን ያቀረበለትም ለዕለቱ የመጣ ተተኪ ነበር። ዓሣው አነቀው። ማሪት ሮጣ ደርሳ፣ ጀርባውን ደጋግማ መትታ በስንት መከራ አተረፈችው።

ማንም አልወቀሰኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ልገድል ነበር እኮ! የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩና በወሩ መጨረሻ ልሰጥ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሳምንት መተግበሪያውን የሚያሻሽል አይቪን የሚባል መነጽራም ጎልማሳ ተላከ። በማለዳ ወጥ ቤቴ ገብቶ ተገተረ።

«ቆመህ ከምታየኝ ድንች ላጥ» አልኩት።

ላጠ። ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል፤ ጆሮ ግን አለው።

«ስልኩን ስታነሺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?»

«ማን ምን እንደሚበላ። ሌላው ገደል ይግባ።»

«ሌላ የጎደለሽስ?»

«ሌላማ፣ ሰው ከማዕድ ሲነሣ ላበሰለው ‹ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ› ይል የለ? እኔ ምድር ቤት ነኝ። ምስጋናዬን ሰሐን የምታነሣዋ ማሪት ትበላብኛለች» ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም፤ ጻፈ።

አይቪን ለየሥራው የተለየ መልእክት ይድረስ ባለበት ስብሰባ ላይ ኦስሂል ተከፋች። «ለነርስ ሌላ፣ ለወጥ ቤት ሌላ? ሰውን በደረጃ ልንከፍል ነው?»

«ኦስሂል፣ እኩል ናችሁ ብለሽ ለሁላችንም አንድ ቁጥር ጫማ አደረግሽልን» አልኳት። «እኔን ሰፋኝ። ሰው ይዤ ልወድቅ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረች። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?» አለች።

«አጨብጭቤ ነበራ!»

አዲሱ መተግበሪያ ሲመጣ ስልኬ ስለ ሊፍት ማውራቱን ተወ። የሚጮኸው የአንዱ ሰው ምግብ ሲቀየር ብቻ ነው። ስሙ በትልልቅ ቀይ ፊደል ይመጣል፤ «አይቻለሁ» የሚለውን በክርኔም ቢሆን እስክነካ ድረስ ዝም አይልም። እነማሪትም እኔ ሳልነካ ምግቡን ወደ ላይ አይወስዱም። አይቪንን እግዜር ይስጠው፣ እንቅልፌን መለሰልኝ።

እጄን ግን ገና አላመንኩትም። የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ፣ የቶርላይቭን ዓሣ ከቅቤ ጋር አልሜ ፈጭቼ ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ድምፅ አሰማ። ማንኪያዬን ጥዬ አነሣሁት። ሳየው ቀይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው አረንጓዴ ጽሑፍ ነው። ማሪት ከፎቅ ሆና ጽፋዋለች፦

«ቶርላይቭ ሙልጭ አድርጎ በላ። ‹ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ› በይልኝ ብሏል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! እንባዬ መጣ። ይህ ምስጋና ደግሞ መልስ አለው፤ ሰምቶ ዝም አይባልም። ብቻዬን በድስቶቹ መሃል ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ይስማማህ፣ ቶርላይቭ!» አልኩ።

ከዚያ ደብዳቤውን ከድንች ልጣጩ ጋር ጣልኩት። እኛ ዘንድ ቆሻሻ በየዓይነቱ ስለሚለይ ወረቀት ከምግብ ትራፊ ጋር መጣል ትልቅ ነውር ነው፤ እኔ ግን ጣልኩት።